ውሃ ከልካዩ ኦም ፍሎርስ

ሳይጠሩት እየመጣ የሰው ቤት ተክል የሚመረምር ሰው የሌለበት መንደር የለም። እንዲህ ያለው ሰው በደግነቱ ችግኝ ይሰጥሃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን አንተ ያለ ደመወዝ የችግኙ ሞግዚት ነህ፤ እሱ ደግሞ ተቆጣጣሪህ።

በደቡብ አፍሪካዋ ናማኳላንድ፣ የመዳብ ማዕድኑ ተዘግቶ ወጣቱ ወደ ኬፕታውን በፈለሰባት ድንጋያማ ከተማ፣ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር ፍሎርስ ክሉቴ ነበሩ፤ ትንሽ ትልቁ «ኦም»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው የማዕድን ጡረተኛ። ሹመቱን የሰጣቸው ግን ማንም አልነበረም።

የሚያራቡት በዚያ አገር ድንጋይ ሥር የሚበቅሉትን፣ ውሃቸውን በሆዳቸው ቋጥረው የሚኖሩትን ትናንሽ ቅጠለ ወፍራም ተክሎች ነው። «አትጎትት! ቅጠሏን ጠምዝዘህ ከግንዷ አላቅቃት» ይላሉ። ቅጠሏን ቁስሏ እስኪደርቅ ጥላ ላይ ያጋድሟታል። ከዚያ የተበሳ የሰርዲን ጣሳ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ያስተኟታል። «አሁን ተዋት። ተዋት ስልህ ተዋት!» ክር የመሰለ ሮዝ ሥር ወጥቶ፣ ምስር የምታህል ቡቃያ ብቅ ስትል፣ ጣሳዋን ይዘው የአንዱን በር ያንኳኳሉ።

ከዚያ በኋላ ምርመራ ነው። ሲገቡ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚሉት ተክሏን ነው። ጣታቸውን አሸዋው ውስጥ ይከቱና፣ «ማነው ውሃ ያጠጣት?» ብለው ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያያሉ። ፓስተሩ ቤት ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ የኦም ፍሎርስ ጣት መስኮቱ ላይ ካለው ጣሳ ውስጥ ነበር። «አሜን» ከመባሉ፣ «ፓስተር፣ ይቺን ልጅ አስምጠዋታል» አሉ።

ጎረቤታቸው ሉዊዛ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ የሰጧትን ሁሉ በውሃ ትገድላለች። የተጠማ ነገር ማየት አትችልም። ሲመጡ መጋረጃ ኋላ ትደበቃለች።

«ሉዊዛ፣ እግርሽ ይታያል» ይሏታል ከውጭ።

ሚስታቸው ግሪት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለች። ያኔም ምርመራው አልቀረም፤ አጠረ እንጂ። «ግሪት ብቻዋን ናት» ብለው ቶሎ ይመለሱ ነበር። በክረምቱ መጨረሻ፣ ተራራው በአበባ ሊሞላ ሲል፣ ግሪት ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ኦም ፍሎርስ ከቤት አልወጡም። መጀመሪያ ሰዉ እፎይ አለ። ሉዊዛም ያለ ሐሳብ ውሃዋን አጠጣች። ቆይቶ ግን የአጥሩ በር ሲንቋቋ ብድግ ማለት ጀመረች፤ ነፋስ ሆኖ ይገኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ የበግ አጥንት ሾርባ ሠርታ ሄደች።

ሽማግሌው ከግሪት አልጋ አጠገብ ተቀምጠዋል። የመስኮቱ መደርደሪያ ላይ ጣሳዎቹ ሁሉ በውሃ ተሞልተዋል። ቅጠሎቹ እንደተቀቀለ ሽንኩርት ለስልሰው፣ ግንዳቸው ጠቁሮ ይሸታሉ።

«ኦም! ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«እኔ።»

«እርስዎ?»

«ጠዋት ስነሣ እጄ ማንኪያውን ያነሣል» አሉ። «ለግሪት ውሃ በማንኪያ ነበር የምሰጣት። አሁንም ያነሣዋል። ካነሣሁት በኋላ ወዴት ልውሰደው?» ወደ መስኮቱ አዩ። «እንዳልጠማቸው አውቃለሁ፣ ልጄ። አውቃለሁ።»

ሉዊዛ የሾርባውን ድስት አስቀመጠች። ጣሳዎቹን ወደ ግቢ እያወጣች ውሃውን ደፋች።

«ተያቸው፣ ሞተዋል።»

«ይቺ ጫፏ ጠንካራ ነው። ቢላ አለዎት?»

ቢላ አመጡላት። ቆረጠች፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ።

«ወደ ላይ ቁረጪ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥቁሩ እስኪጠፋ። አንዲት ነጥብ ከቀረች ያው ትበሰብሳለች።»

እንደገና ቆረጠች፤ ንጹሕ አረንጓዴ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ጣሳ የዳነው መዳፍ አይሞላም። ጋዜጣ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ደረደሯቸው። ኦም ፍሎርስ ፊታቸው አልፈካም።

«ሥር ያወጣሉ?» አለች።

«አንዳንዶቹ። ሁሉም አይደሉም።»

ሾርባው ቀዝቅዟል። «እኔ ቤት ላሙቀው፣ አብረን እንብላ» አለች። ድስቱን አነሣች። «ይምጡልኝ እንጂ፣ ኦም። በሩን በሩን እያየሁ እኮ ነው የከረምኩት።»

ተነሡና ባርኔጣቸውን አደረጉ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ግሪት ብቻዋን...»

ባዶው አልጋ ተነጥፏል። ለረጅም ጊዜ አዩት። ሉዊዛ ድስቱን በአንድ እጇ፣ ክንዳቸውን በሌላው ይዛ ጠበቀች። ቆይተው በሩን ራሳቸው ዘጉ።