ቀበቶ ያሰረው ቅቤ

ሞባይል ወደዚህ አገር የገባው ሰዎች እንዲገናኙበት አይደለም፤ ያሉበትን ቦታ እንዲዋሹበት ነው! አትቆጡ። «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» የምትሉት አንድ እግር ካልሲያችሁን አልጋ ስር እየፈለጋችሁ አይደለም? «መንገድ ላይ ነኝ» ስትሉስ? ሻወር ቤት ናችሁ። የውሃው ድምፅ ከተሰማባችሁ ደግሞ «እዚህ ዝናብ ነው» ትላላችሁ። እኔም ያው ከእናንተው አንዱ ነኝ። ልዩነታችን የርቀት ብቻ ነው። እናንተ የምትዋሹት ከቦሌ እስከ መገናኛ ሲሆን፣ እኔ የዛሬ ሁለት ሳምንት እስከ መተሃራ ድረስ ዋሽቻለሁ። ያውም በሁለት ኪሎ ቅቤ ምክንያት!

ክብሮም የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለኝ፤ ቦሌ ነው የሚኖረው። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ካጋጠማችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰላምታው ራሱ ይቀየራል። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ቤንዚን ድሮ ቀረ!» ይላችኋል። ማደያ በር ላይ የተሰለፉ መኪኖች ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንስና፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይዟችሁ!» ብሏቸው ያልፋል።

አንድ ቀን ደውሎ፣ «ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ! አገራችንን በባትሪ እንያት!» አለኝ።

«በባትሪማ ድሮም እያየናት ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር…» አልኩት።

አልሳቀም። እኔ ግን የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ።

እንግዲህ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መንገድ መሄድህን ለአንድ ሰው ከነገርክ ለሁሉም ነግረሃል። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች በዋዜማው ሰምተው ኖሮ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ ስንጭን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፈው ብቅ አሉ። ልጃቸው ኤልሳ ድሬዳዋ ላይ ከወለደች ስምንት ቀኗ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ።

«ታዴ፣ ሾላ ገበያ ሄጄ፣ አሽትቼ፣ ቀምሼ የገዛሁት ለጋ ነው። ለገንፎዋም ለአናቷም ነው። ድሬ ያለውን አላምነውም፣ ሳይገዛ የቀለጠ ነው።»

«ችግር የለም እትዬ፣ ዛሬውኑ እጇ ይገባል» አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁልኝ። በብሎካችን ውስጥ «ታደሰ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው» የሚል ሰው ቢኖር እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ሚስቴን ሰብለን ጨምሬ ነው የምላችሁ። ይህን አንድ ምስክር ማጣት አልፈልግም።

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ወደ መኪናዋ አስገብተው፣ «ይቺ መኪና ብርድ አላት?» ብለው ጠየቁ።

«ኤሲ ነው? እንዴታ እትዬ!» ክብሮም ደረቱን ነፋ።

«እንግዲያው ብርዱን እንዳታጠፉት። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ!»

ቅዝቃዜው ፊት ለፊት እንዲያገኘው ቅቤውን ጋቢና አስቀመጥነው። መኪናዋ መጮህ ጀመረች። ለካ ወንበር ላይ ክብደት ያለው ነገር ከተቀመጠ ቀበቶ ካልታሰረ ዝም አትልም! ለቅቤው ቀበቶ አሰርንለት። እኔ ኋላ ገባሁ። እትዬ ዘነበች «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ!» ብለው መረቁን፣ ጎረቤት እጁን አውለበለበ፣ እኛም ተነቃነቅን። ወዲያው አንዲት ሴት ከመኪናዋ ስፒከር ውስጥ በቻይንኛ ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«መልካም ጉዞ ነው ያለችው።»

«ቻይንኛ ትችላለህ እንዴ?»

«ሌላ ምን ልትል ትችላለች?»

አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁ። ቻይንኛ ባላነብም ቁጥር አነባለሁ፤ ሠላሳ አንድ በመቶ ይላል።

«ክብሮም! ባትሪው ሠላሳ አንድ ነው እኮ!»

«ሌሊት ሰፈራችን መብራት አልነበረም። ምን ያስጨንቅሃል? ቦሌ እንሞላታለን፣ እግረ መንገዳችንን አትላስ ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ከዚያ ውልቅ ነው!»

መንገዱ በእርግጥ ጨርቅ ሆነልን፤ የተጨማደደ ጨርቅ። ከየካ አባዶ አትላስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ? በዚያ ላይ ኤሲ ጨምሩበት። ሁለት ሰዎች ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ፣ ቅቤ በጋቢና አስቀምጠን እንሄዳለን።

«ላጥፋው፤ ባትሪ እየበላ ነው» አለ ክብሮም።

«አደራ ተብለናል እኮ!»

«ቅቤው ይሻልሃል ባትሪው?»

እውነቱን ልንገራችሁ? ባትሪው ይሻለኝ ነበር። ግን እትዬ ዘነበችን የማገኛቸው በየቀኑ ነው፤ ባትሪውን አይደለም። ኤሲው ሳይጠፋ ቀረ።

አትላስ ላይ ክብሮም ስልኩን አቁሞ፣ «ሃይ ጋይስ! ታላቁ ጉዞ ተጀመረ! ጭስ የለ፣ ሰልፍ የለ!» እያለ ቪዲዮ ቀረጸ፤ ማኪያቶውን ጠጣ፤ ከዚያ በቅርብ ወዳለ ቻርጅ ማድረጊያ ሄድን። ስምንት መኪና ተሰልፏል። ክብሮም ዘጠነኛ ሆነ። የጥበቃ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«መብራት ሄዷል» አለን።

«መቼ ይመጣል?»

«ሲሄድ አልነገረኝም።»

ከመንገዱ ማዶ ነዳጅ ማደያ አለ። እዚያ ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ እኛን አየን፣ መኪናዋን አየ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ከልቡ «አይዞህ!» አለ። ክብሮም የራሱን መስኮት ቀስ ብሎ ዘጋው።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች!

«ታዴ፣ የት ደረሳችሁ?»

አፌን የከፈትኩት እውነቱን ልናገር ነበር፤ እምላለሁ! ግን ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ «አትላስ» ማለት እንዴት ያለ ቃል ነው? ምላሴ ራሷ አልፋው ሄደች።

«ሞጆን አለፍን እትዬ!»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!»

አያችሁ? የመጀመሪያው ውሸት ሙገሳ አስገኘልኝ። መብራቱ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀነው አልመጣም። ሰባት ሰዓት ላይ ክብሮም «ሲኤምሲ ሌላ ቻርጅ ማድረጊያ አውቃለሁ» ብሎ መሪውን አዞረ። መገናኛ ሳንደርስ መንገዱ ተቆለፈ፣ ስልኬም እንደገና ጮኸ።

«አሁንስ የት ናችሁ?»

ክብሮም በጣቱ ወደ ፊት፣ ወደ ሩቅ፣ ወደ ሩቅ ምልክት ሰጠኝ።

«መተሃራ!» አልኩ።

«ሙቀቱ እንዴት ነው ታዴ?»

«ይፈ… ይፈጃል!» ጥርሴ በኤሲው ብርድ እየተንገጫገጨ ነው።

«ቅቤዬስ?»

«ድንጋይ ነው እትዬ!» በዚያ ቀን በስልክ የነገርኳቸው ብቸኛ እውነት ይህ ነው። አጠገባችን የቆመ ሚኒባስ ረዳት ግን በዚህ ሰዓት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። «መገናኛ! መገናኛ ሁለት ሰው! መገናኛ!»

እትዬ ዘነበች ሰምተውታል።

«መተሃራም መገናኛ አለ እንዴ?»

«ማለት… መንገድ መገናኛ ነው እትዬ! ሁለት መንገድ የሚገናኝበት…»

«አይ አገር! ስንቱን ሳላይ አረጀሁ» አሉ።

ሰው እንዴት የገዛ ጎረቤቱን መተሃራ ላይ አቁሞ መገናኛ ላይ ይቀመጣል? አፈርኩ። ማፈሬ ግን መኪናዋን አልገፋትም።

ሲኤምሲም መብራት የለም። ባትሪው ስድስት በመቶ ሆነ። ቻይናዊቷ እንደገና ተናገረች፤ አሁን ድምፅዋ ተለውጧል። ቻይንኛ አልችልም፤ ያንን ድምፅ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ሰብለ አንድን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ስትናገር የምታወጣው ድምፅ ነው። ክብሮም እንኳን «መልካም ጉዞ» ብሎ አልተረጎመውም። ወደ ሰብለ ደወልኩ።

«ሰፈር መብራት አለ?»

«አለ። መተሃራ ሆነህ የየካ አባዶ መብራት ምን ያደርግልሃል?»

«ማን ነው መተሃራ ናቸው ያለሽ?»

«እትዬ ዘነበች ናቸዋ! ለብሎኩ ሁሉ ነው የነገሩት።»

ምርጫ አልነበረንም። ክብሮም ከመኪናው ኋላ ኤክስቴንሽን ገመድ አለኝ አለ። ግን ገመዱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። የሚደርስበት አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ ወይስ አውቃችሁታል?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሁለት በመቶ፣ እንደ ሌባ ድምፅ ሳናሰማ ግቢ ገባን። የኤሌክትሪክ መኪና ጥቅሟ የታየኝ ያኔ ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ምስር እየለቀሙ ነው። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል አጣብቀው ከኤልሳ ጋር ያወራሉ።

«…አሁንማ አዋሽንም ሳያልፉ አይቀሩም። ቅቤሽ ድንጋይ ነው አለኝ። ታዴ ካለ አለ ነው፣ ቃሉን የሚጠብቅ ል…»

አዩን። እኔን፣ ክብሮምን፣ ቀበቶውን እንዳሰረ ጋቢና የተቀመጠውን ቅቤ።

«ቆይ ልጄ» አሉ በስልኩ። «መተሃራ ራሱ መጣ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከመኪናው ወረድኩና አንገቴን ደፋሁ። «እትዬ… ዋሽቻለሁ። ከአዲስ አበባ አልወጣንም» አልኩ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። የመኪናዋን በር ከፍተው ቅቤውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ከሦስታችሁ ቃሉን የጠበቀ እሱ ነው» አሉና ቀበቶውን ፈቱለት።

እንዲያም ሆኖ ክፉ አይደሉም። መስኮታቸውን ከፈቱልን፣ ገመዱን ራሳቸው ሰኩልን። መኪናዋ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፣ ቻይናዊቷም ደስ የሚል ነገር ተናገረች። ክብሮም ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልኩን ሲያወጣ… ድው! አረንጓዴው ጠፋ፣ የእትዬ ዘነበች ቴሌቪዥን ጠፋ፣ ከየፎቁ «ኡፍፍ!» የሚል ድምፅ ወረደ። ከስልኩ ውስጥ የኤልሳ ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ፣ ምንድን ነው? ሄዱ እንዴ?»

«ሄደ።»

«ማን?»

«መብራቱ! እነሱማ የት ሄደው!»

ያን ዕለት ማምሻውን ፍርዴ ተነገረኝ። «ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄዳለህ። መተሃራ ስትደርስ ትደውልልኛለህ። ግን ካንተ ጋር አይደለም የማወራው፤ የመተሃራ ሰው አቅርብልኝ!» ቅቤውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው ሰጡኝ። ለምን ባልዲ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

በማግስቱ ሄድኩ። ክብሮም መብራት እየጠበቀ ቀረ። እስከዚያው «ጉዞው ቀጥሏል!» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ስንቱ ልብ ሰጥቶታል! እኔ ባልዲውን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ መተሃራ ላይ እንኳን «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል!» ከሚሉ ሰዎች ጋር እየተቀቀልኩ ደረስኩ። አውቶቡሱ ሲቆም ወርጄ ደወልኩና ስልኩን ሐብሐብ ለምትሸጥ ሴት ሰጠኋት።

«እህቴ፣ ይህ ቦታ የት እንደሆነ ለእኚህ እናት ንገሪልኝ።»

ሴትየዋ እንደ እብድ አየችኝ። «አቤት እናቴ… አዎ፣ መተሃራ ነው… እኔ? እዚሁ ነው የተወለድኩት… ምን? ቅቤ?» ብላ ክዳኑን ከፈተችው። «ውይ እናቴ! ቀልጦ ውሃ ሆኗል እኮ!»

አለቀልኝ አልኩ። ስዋሽ ድንጋይ የነበረው ቅቤ እውነት የተናገርኩ ቀን ይቅለጥ? ዓይኔን ጨፍኜ ስድቡን ጠበቅሁ። ከስልኩ ግን የወጣው እልልታ ነው።

«ቀለጠ? ተመስገን! እንግዲያው እውነትም መተሃራ ነው!»