ማኅበራችን ለሹፌሩ ያለቀሰበት ዕለት

እግዜርን መውደድ ቀላል ነው። አይታይም፣ ቤታችሁ መጥቶ ጠላችሁን ቀምሶ «ቀጠነ» አይልም፣ ወጥታችሁ ስትሄዱ ከኋላ አያማም። አስቸጋሪው ማኅበርተኛን መውደድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርስትናችን የሚፈተነው ቅዳሴ ላይ አይደለም፤ ቅዳሴ ላይማ ሁላችንም ነጠላችንን አጣፍተን ስንቆም መልአክ እንመስላለን። ፈተናው በወር አንድ ቀን፣ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ስንቀመጥ ነው። አንዷ ዳቦሽን በዓይኗ ትመዝናለች፣ አንዷ ባለፈው ወር ያመለጠሽን ቃል ዛሬ ታነሣብሻለች፣ አንዷ ደግሞ «እኔስ ምንም አላልኩ» እያለች ሁሉንም ትላለች። እነዚህን እኅቶቼ ብሎ ጽዋ መጠጣት እንግዲህ ጸጋ ይጠይቃል።

ዲላ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች የማርያም ማኅበር ነበረን፤ የሴቶች ብቻ። አብዛኞቹ ከሰሜን ከመጡ ወታደሮችና ነጋዴዎች ጋር የመጡ ሚስቶች ናቸው፤ እኔ ከሁሉም ታናሽ ነበርኩ፣ ስለዚህም ማሰሮ ተሸካሚ። የማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ የእኛ ሙሴ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፣ እና እውነቱን ለመናገር ባሕር ቢያዙት የሚከፈልላቸው ይመስለኝ ነበር። ደንባቸው አይዛነፍም። ጽዋው በሃያ አንድ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰ ይደግሳል፣ ጽዋውን የተረከበ አልደግስም ማለት አይችልም። ደግሞም ከሰው ጋር ተጣልቶ ጽዋ መጠጣት የለም። መጀመሪያ ታረቂ፣ ከዚያ ጠጪ። በዚህ ደንብ ምክንያት ጠላው ሳይቀዳ ዕርቅ ላይ የዋልንበት ጊዜ ስንት ነው!

ከዚያ ጣሊያን መጣ። አዋጁ አጭር ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ እንዳይገኝ፣ ለሠርግም ቢሆን ለማኅበርም ቢሆን። ልቅሶን ግን አልከለከለም። ለምን እንዳልከለከለ እንጃ፤ ምናልባት ሐበሻን ከልቅሶ መከልከል ከመውጋትም እንደሚከብድ አንድ ብልህ ሰው መክሮት ይሆናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኛም በየወሩ ሰው ይሞትብን ጀመር።

በመጀመሪያው ወር እትዬ በላይነሽ ያልነበራቸውን አጎት ገደሉ። ጠላውን ጓዳ ደበቅን፣ ንፍሮውን ፊት ለፊት አደረግን፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን መሬት ተቀመጥን። ንፍሮ ደግ ነገር ነው፤ ለማኅበርም ይሆናል፣ ለልቅሶም ይሆናል። ሰፈሩን እንዲጠብቅ የተሾመው ባንዳ ጅግሶ የሚባል የጌዴኦ ሰው ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመና ማን እንደሞተ ጠየቀ። አንዷ «አጎታቸው» አለች፣ አንዷ «አክስታቸው» አለች፣ በዚያው ትንፋሽ። ጅግሶ ሁለቱንም አንገቱን እየነቀነቀ ተቀበለ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ንፍሮውን በእጁ ሙሉ ዘግኖ ሄደ።

የማኅበራችን ቄስ አባ ወልደ ሰንበት ግን ተቆጡ። «በእመቤታችን ስም ተሰብስቦ መዋሸት አይሆንም» አሉ። እትዬ በላይነሽ ማኅበሩንም ነፍሳቸውንም የሚያድን መላ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «እንግዲያው በእውነት የሞተ ሰው እናልቅስ» አሉ። «መቼ ሞተ ብሎ ካልጠየቀን ምን አገባን?» አባም ጢማቸውን እየዳበሱ ዝም አሉ፤ የቄስ ዝምታ ደግሞ ፈቃድ ነው።

ከዚያ ወዲያ የጥንት ሙታኖቻችንን ተራ በተራ አለቀስን። ከአድዋ በፊት የሞቱ አያቶች ሳይቀሩ ተለቀሰላቸው። የእትዬ አጸደ አማት ሲሞቱ ምራታቸው ዓይኗን እንኳ አላረጠበችም ተብሎ ይታማ ነበር፤ በማኅበሩ ሰበብ ግን እንዲያ ተንሰቅስቃ ስታለቅስላቸው እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ከሞቱ ወዲህ ጠባያቸው ተሻሽሎ ይሆናል። እያለቀስን እንጸልያለን፣ ጅግሶ ራቅ ሲል ጽዋው ይዞራል፣ ተመልሶ ሲመጣ ዋይ ዋይ እንላለን።

እንዲህ እያልን የሎሚ ተራ ደረሰ።

ሎሚ የጌዴኦ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ወደ ወርቃ በኩል እንሰትና ቡና ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከሸዋ የመጣ ወታደር አግብታ በእሱ ምክንያት ክርስትና ተነሣች፤ አቡነ ዘበሰማያትን ያስተማራት እሱ ነው። አማርኛን የለመደችው ከትዳር በኋላ ስለሆነ ወንድና ሴቱን ትደባልቀዋለች፤ እኛም ተማርን የምንል ሴቶች በዚያ እንስቅባት ነበር። ባሏ ጦርነቱ ሲነሣ ከአለቆቹ ጋር ዘመተ፤ አልተመለሰም።

ችግሩ የሚለቀስለት ሰው ማጣቷ ነበር። እናት አባቷ ደህና ናቸው። የሞተ ዘመዷን እንዳታነሣ ጅግሶ የመንደሯ ሰው ነው፤ ከዘር ማንዘሯ ማን በምን ወር እንደተቀበረ ከእሷ ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ እትዬ በላይነሽ ነገሩን ራሳቸው ቆረጡት።

«ባልሽን ነዋ የምናለቅሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው የጠፋ ሰው፣ ማንም ያምናል።»

ሎሚ ጽዋውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። «ለእሱ አላስለቅስም» አለች።

«ለማኅበሩ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አላስለቅስም።»

እኛ ተስፋ አልቆረጠችም ብለን አሰብን፤ አንዳንዶቻችን አዘንን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ በነጠላችን ጫፍ አፋችንን ሸፍነን «ድሮም አዲስ ክርስቲያን» ተባባልን። ጽዋው እሷን ዘልሎ ይለፍ የሚል ሐሳብ መጣ። ዘልሎ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ማኅበርተኛ የሆነ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ እኅታችን አይደለሽም ማለት ነው። ሎሚም ይህን ታውቃለች። ባሏ ሄዷል፣ ክርስትና በመነሣቷ የመንደሯ ሰው በጎሪጥ ያያታል፣ ለእሷ የቀረነው እኛ ብቻ ነን። እኛን የመሰለ ዘመድ ብቻ የቀረለት ሰው ያሳዝናል።

«የሞተ ሰው አለኝ» አለች ድንገት። «ሹፌሩ።»

ማን ሹፌር? በዚያው ሳምንት በገደብ መንገድ ቁልቁለት ላይ ካሚዮኑ ተገልብጦበት የሞተው ጣሊያን! ልጁን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በተለይ የሎሚ ጠብ የሰፈር ወሬ ነበር። እንቁላል ጣይ ዶሮዋን በካሚዮኑ ጨፍልቆባት፣ ወርዶ በእጁ ይቅርታ እየለመነ አንድ ቆርቆሮ ሥጋ ቢሰጣት መልሳ ጀርባው ላይ ወርውራበታለች። መትታዋለችም፤ እጇ አይስትም።

«ተጣልተን ሞተች» አለች ሎሚ። «ሳንታረቅ። ጥል ይዤ ጽዋ እንዴት እጠጣለሁ? ደግሞ ማን አለቀሰላት? እናቷ አታውቅም። ጓደኞቿ ቀበሯት፣ ሄዱ።»

እትዬ በላይነሽ ብድግ አሉ። ወንድማቸውን የገደለው ጣሊያን ነው። «ለጣሊያን! እኔ በላይነሽ! ነገ ባንዳ ሲሉን መልሱ ምንድን ነው?» ከዚያ ሁላችንም በአንድ አፍ ጮኽን፤ በደንቡ የምታምነው አዲሷ ክርስቲያን ብቻ ጽዋውን አልለቀቀችም። በመጨረሻ አባ ላይ ዓይናችንን ጣልን።

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን አገላበጡ። «ጠላትህን ውደድ ይላል ቃሉ» አሉ በቀስታ። «ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ስሰብከው እንዴት ቀላል ነበር!» ቀና ብለው ሎሚን አዩ፣ «ልጅቱ ትክክል ናት፤ እኔም ደስ አላለኝም» ብለው ጨረሱ።

በቀኑ ወደ ሎሚ ቤት ሄድን። አኩርፈን፣ ግን ሄድን። ለእነሱ ሰው እናለቅሳለን እንጂ ከልብ አይደለም ተባብለናል። ሎሚ መሬት ተቀምጣ በአገሯ ዜማ ጀመረች። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «አንተ የሰው አገር ልጅ» እያልን ተቀበልናት። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ነበር። ሎሚ «የወደቅሽበት ቦታ እናትሽ የለች፣ ፊትሽን ያጠበ የለ» ስትል እትዬ ድንገት ደረታቸውን መቱ። ወንድማቸው ትዝ ብሏቸው ነው፤ የእሱ ሬሳ እንኳ አልተገኘም። ከዚያ ሁላችንም በየሟቻችን ገባን። ማልቀስ ለፈለገ ጢስ ሰበብ ይሆነዋል ይባል የለ? እንደዚያ ዕለት አልቅሼ አላውቅም፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጅግሶ ለማን እንደምናለቅስ ሲሰማ ሮጦ ሄዶ የከተማውን የጣሊያን አዛዥ፣ ካፒቴኑን፣ ይዞት መጣ። ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆመ። አየን። ባርኔጣውን አወለቀ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ እኛም ምን እንደምናደርገው ስላላወቅን ንፍሮ በእፍኝ ሰጠነው፣ አንድ በአንድ እየለቀመ በላ። በማግስቱ ጅግሶ ፈቃዱን አመጣልን፤ እነዚህ ሴቶች ማኅበራቸውን እንደ ወትሮው ይጠጡ ተብሏል። ያን ዕለት ሙሴያችንን ብታዩዋቸው! ከመጀመሪያውም ሐሳቡን ያመነጩት እሳቸው ነበሩ፣ እንደ አነጋገራቸው። እኛም አልተቃወምንም፤ ሙሴን ማን ይቃወማል?

የሚቀጥለው ወር ተራው የእኔ ነበር። ነጭ ለብሰን፣ በሩን ወለል አድርገን፣ ጠላውን ማንም እንዲያየው መሐል አስቀምጠን ተሰበሰብን። ስንት ወር ሙሉ የተመኘነው ቀን ነው። አባ ጸሎቱን አደረሱ፤ እትዬ በላይነሽ ጽዋውን ለማንሣት እጃቸውን ሲዘረጉ ሎሚ ከጥግ ተነሣች።

«ዛሬ ባሌን አልቅሱልኝ» አለች።

አልገባንም። ለካ መርዶው ከደረሳት ቆይቷል፤ አብሮት የዘመተ አንድ ሰው የገደብ ገበያ ላይ አግኝቷት ነግሯታል። ያኔ ተራዋ ሲደርስ፣ እኛ ባልሽን እናልቅስ ስንላት፣ መሞቱን ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳትነግሪን?» አሉ እትዬ በላይነሽ። ድምፃቸው እንዲያ ሲለሰልስ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

«ያኔ ብናገር ሰበብ ታደርጉታላችሁ። ባሌ ሰበብ አይደለም። ዛሬ ሰበብ አያስፈልግም፤ አሁን አልቅሱልኝ።»

እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። «አዲስ ክርስቲያን» ያልናት እኛ ያንን ቃል እንዴት እንደምንውጠው ጠፍቶን፣ ነጫችንን ዘቅዝቀን መሬት ወደቅን። እትዬ በላይነሽ ሎሚን አቅፈው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኅቴ፣ እኅቴ» ይሉ ነበር።

በዚህ መሐል ጅግሶ በበሩ ብቅ አለ። ጠላውን አየ፣ እኛን አየ፣ ፈገግ አለ።

«እናንተ ሴቶች!» አለ። «ተፈቅዶላችሁ የለ እንዴ? አሁንማ ተዉት! ያ ሁሉ አጎት፣ ያ ሁሉ አክስት ሲሞት መቼ አምኜ ዐውቃለሁ? ዝም ብዬ ነው ያለፍኳችሁ።»

ሰውዬው ለካ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኛ እያታለልነው እየመሰለን እሱ ሲጠብቀን ኖሯል። ውሸታችንን ሁሉ እውነት አድርጎ ያሳለፈልን ሰው፣ አንድ እውነት ስናለቅስ ውሸት መሰለው። ማን ይንገረው? ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

የነገረችው ሎሚ ናት፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብላ። የምትለውን አልሰማንም፣ የባሏን ስም ብቻ ለየን። ጅግሶ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፣ ከእኛ ጋር መሬት ተቀመጠ።