ፔናሊቲ መታሁ ያልኩበት አውራ ጣት

ወገን፣ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ጉድ ሆኛለሁ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ እኔ እንደሆነ መቆም አልችልም!

ለማታውቁኝ፦ ከወሎ መጥቼ መቀሌ ጨርቅ ስሸጥ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ደም ግፊት አለብኝ። ሰዓዳ የምትባል ሚስትም አለችኝ። ሁለቱም ቀልድ አያውቁም።

እሑድ ዘመድ ቤት ዱለት ነበር። ሰዓዳ "ግፊት አለብህ፣ እንዳትነካ!" ብላ አስምላኝ ነበር።

ነካሁ። እንዲያውም ሳህኑን ጠረግኩት።

ሰኞ ጠዋት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቲማቲም አክሎ አደረ። አንሶላ ሲነካው ጮህኩ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች ሰዓዳ።

"ኳስ... ዓዲ ሓቂ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተማሪዎች ጋር ስንጫወት፣ ፔናሊቲ መትቼ።"

ፔናሊቲ! እኔ! ለሚኒባስ እንኳን የማልሮጥ ሰውዬ!

ሰዓዳ አመነች። ይባስ ብላ ኮራች። እስከ ማታ ሰፈራችን ሓድነት በሙሉ ሰማ።

ከዚያማ ጠያቂ ጎረፈ። የሱቅ ጎረቤቴ ሓጎስ "ኣጆኻ ሓወይ! አይዞህ ወንድሜ! ግን ገባ?" እያለ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዞ መጣ።

"ላይኛው ጥግ ላይ" አልኩት። አፌ ይቆረጥ!

የወሎ ልጆችስ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? ዱለት! "ለተጫዋች ጉልበት ነው" አሉ። ሰዓዳም "ለዛሬ ብቻ" ብላ ፈቀደች። እምቢ ብል ሊነቃብኝ ነው። በላሁ።

ሐሙስ ግራ እግሬም ተከተለ።

ዛሬ ሰዓዳና ሓጎስ ግራና ቀኝ ደግፈው ባጃጅ ላይ ጫኑኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ግፊቴን ለካች፣ ደም አስመረመረች፣ ውጤቱን አየች።

"የመቱት በየትኛው እግር ነው?"

"በቀኝ።"

"ግራውስ?"

ሓጎስ ሊያግዘኝ ብሎ "ሪባውንዱን በግራው መትቶት ይሆናል" አለ።

"ይሄ ሪህ ነው" አለች ሐኪሟ። "ደምዎ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በጣም ከፍ ብሏል። ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ለስላሳም ጭምር ያባብሰዋል።"

ሰዓዳ ቀስ ብላ ዞረች። "አንተ! ፔናሊቲ የመታኸው ዱለቱን ነው?"

ክሊኒኩ በሳቅ ፈረሰ። ክንዷን ለመርፌ የሰጠች ሴትዮ ሳትቀር!

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። "የግፊት ኪኒንዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"ራሴን ሲያመኝ።"

"የውሃ ጎማ ፀሐይ ላይ ከርሞ ሲደርቅ አይተዋል? ግፊት ሳይታከም ሲቆይ የደም ሥርም እንደዚያ ይደርቃል። ዩሪክ አሲድ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ያሰጋል። ጣትዎ ስለጮኸ መጡ፤ የደም ሥር ግን አይጮህም።"

ሰዓዳ ቁጣዋን ትታ እጄን ያዘች። ከጣቴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ባጃጅ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"ይቅር የምልህ ራስህ ፌስቡክ ላይ ስትጽፈው ነው" አለች።

ይኸው ጻፍኩ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊደል ሳይቀር እያረመችኝ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ ይዞ ራሱን እስኪያመው የሚጠብቅ ሌላ ጅል አለ? ካለ እጁን ያውጣ። እግር ማንሳት ለጊዜው አልችልም!