የአቶ ኤርጫፎ ግድግዳና የዘርፈሽ ገመድ

በየሰፈሩ መብቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁለት ከሆኑ ሰፈሩ ይፈርሳል፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የመንደሩ ፍየል ሁሉ ሰው ጎመን ላይ ይውላል። ሲቀላ በሚባለው የከተማ ክፍል ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ኮረኮንች መንገድ፣ ይህ ከባድ ኃላፊነት የወደቀው በክቡር አቶ ኤርጫፎ ትከሻ ላይ ነበር። ካምባ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ክርክር ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሲወጡ ይዘው የመጡት አንድ ሰማያዊ ማህደርና "በማን ፈቃድ?" የሚሉ ሁለት ቃላት ነው።

አጥር ለአጥር የምትኖረው ዘርፈሽ እነዚህን ሁለት ቃላት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምታቸዋለች። ባጃጅ አጥራቸውን ተጠግቶ ሲቆም "በማን ፈቃድ?" ይላሉ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ መዞሪያ አጥቶ ኋላውን ወደ በራቸው ሲሰጥም ያው ነው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ በድምፅ ማጉያ መስኮታቸውን አልፎ ሲገባ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆናቸው ሳያግዳቸው፣ መዝሙሩ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ሳሎናቸው የገባው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠይቀዋል። አንድ ቀን ደግሞ ከከተማው ምንጮች አጠገብ ካለው ጫካ የወጣች ጦጣ ጣሪያቸው ላይ ተቀምጣ ማንጎ ስትበላ፣ ዘርፈሽ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ወደ ላይ አንጋጠው፣ ያንኑ ጥያቄ ለጦጣዋ አቀረቡላት። ጦጣዋ መጥጣ የጨረሰችውን ፍሬ ወረወረችባቸው። እሳቸውም ገብተው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ግን በአንድ ሚስማር ነው። ግንቦት 17 ቀን 1999 ዓ.ም. ለዘርፈሽ ስልክ ገባላት። ለሁለት ዓመት "ላም አለኝ በሰማይ" ሆኖባት የቆየ ስልክ ነው። የፈለገችው ለወግ አልነበረም። አንድ ልጇ ዲሪባ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አገር ላገር መዞር ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ሞያሌ ቢያድር ነገ መተማ ነው። ቁጥሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አስጠናችው።

ምሰሶው ከመንገዱ ማዶ ስለነበረ ገመዱ መሐል ላይ ማረፊያ ፈለገ። ስልኩን ሊያስገቡ የመጡት ሠራተኞች ግራ ቀኝ ሲያዩ የአቶ ኤርጫፎ ቤት ማዕዘን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሰላቸው። አቶ ኤርጫፎ ካምባ ለቅሶ ሄደዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱም ገበያ ናቸው፤ የግቢው በር ደግሞ ገርበብ ብሏል። ሠራተኞቹ ገቡ፣ መሰላላቸውን አስደገፉ፣ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ትልቅ ሚስማር መቱ፣ ገመዱን አሳርፈው ሄዱ።

አቶ ኤርጫፎ ከለቅሶ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ልስኑ ላይ የወጣውን ስንጥቅ ነው። ከዚያ ሚስማሩን፣ ከዚያም ገመዱን አዩ። ዘርፈሽ ስድቡን ልትቀበል እጇን አጣምራ ቆመች። እሳቸው ግን ኮታቸውን ቆልፈው ወደ አጥሩ ተጠጉና፣ "እህቴ ዘርፈሽ፣ ክርክሬ ከአንቺ ጋር አይደለም፤ ከገመዱ ጋር ነው" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሷ ጋር ሰላምታ፣ ከገመዱ ጋር ኩርፊያ ሆነ። ጠዋት ሲወጡ "እንዴት አደርሽ" ይሏትና ቀና ብለው ገመዱን በክፉ ዓይን ያዩታል።

ማመልከቻውም ተጀመረ። "ጉዳዩ፦ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለተመታ ሚስማር" ይላል ሁሉም። ቀበሌው ወደ ማዘጋጃ ቤት መራቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ፤ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ወደ ነገ። በመጨረሻ አንድ ትዕግሥተኛ ሹም አስቀምጦ አስረዳቸው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚዘረጋ መስመር በግለሰብ ይዞታ ላይ ማለፍ እንደሚችል፣ ይህም ሕግ እንደሆነ ነገራቸው። አቶ ኤርጫፎ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት።

"ገመዱ ይለፍ" አሉ። "መንገደኛን ማለፍ ማን ይከለክለዋል? እኔ የምጠይቀው፣ ሕጉ በር ላይ ቆሞ 'ቤቶች' የሚልበት አፍ የለውም ወይ ነው።"

ሹሙ ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ሰው ወደ ሰው ግቢ ሲመጣ ከበር ውጭ ቆሞ "ቤቶች" ይላል፤ ከውስጥ "ደጆች" ይሉታል፤ እግር የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ሌባ እንኳ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ነው የማይለው። በአቶ ኤርጫፎ ግምት በሹሙ ሳቅ የተናቀው እሳቸው ሳይሆኑ በራቸው ነበር። ስለዚህ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ዘርፈሽ ከሰፈሩ ጋር ትስቃለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ሳቁ ይጠፋባታል። የልጇ ድምፅ የሚመጣበት ገመድ የተንጠለጠለው በአንድ አኩራፊ ጡረተኛ ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ቀን አምርረው ፒንሳ ቢያነሡስ?

ያነሡ የመሰላትም ጊዜ ነበር። በ2003 ሚያዝያ ላይ ከዓባያ ሐይቅ የተነሣ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጣና ስልኩ ድምፁን አጠፋ። ዘርፈሽ ቆረጡት ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ሮጣ ወጣች። አቶ ኤርጫፎ ዝናቡ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ነፋስ የነቀለውን ገመድ በእንሰት ቃጫ ከጣሪያው እንጨት ጋር ሲያስሩ አገኘቻቸው። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

"ይህ ፈቃድ አይደለም" አሏት፣ ሳትጠይቃቸው። "ጎመኔ ላይ ተጋድሞ ስላገኘሁት ነው።"

ቃጫው ሲጠብቅ ስልኩ ነፍስ ዘራ። በሳምንቱ አቶ ኤርጫፎ ሚስማሩ በገዛ ራሱ ስለመውደቁና በአመልካቹ የግል ቃጫ ስለመተካቱ የሚገልጽ አዲስ ማመልከቻ አስገቡ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የቤት ስልክ የቴሌቪዥን ጓደኛ ሆኖ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። ዘርፈሽም ሞባይል ገዛች፤ የቤቱን ስልክ ግን አላስነሣችም። ዲሪባ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በ2008 ለመስቀል፣ ከሁመራ ነበር። ሞባይሉን የገዛችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ቁጥሩን አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የትም ይሁን የት፣ በቃሉ ያለው ያ፣ በልጅነት እንደተጠና ጸሎት የማይረሳው የቤቱ ቁጥር ብቻ ነው። ሥጋቷን ለማንም አልተናገረችም። ከቤት ስትወጣ ብቻ፣ ስልኩ ቢጮህ ጎረቤት ይሰማው ብላ መስኮቱን ከፍታ ትሄዳለች።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ምዕራብ ዓባያ እህቷን ጠይቃ ስትመለስ፣ ከሩቅ በአቶ ኤርጫፎ ግቢ ውስጥ የስልክ ሠራተኞች ልብስ አየች። ሮጠች። ደርሳ ስትገባ መሰላሉ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለት ሠራተኞች ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው የወይዘሮ ሻሺቱን ሙዝ ይልጣሉ። ክቡር አቶ ኤርጫፎ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ልክ ከቃጫው ሥር አድርገው፣ ማህደራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንደ ችሎት ተሰይመዋል።

ነገሩን ያስረዳት ሽበሺ የሚባለው ጎልማሳ ሠራተኛ ነው። እጁ ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዟል። ከዘጠኝ ዓመትና ከሃያ ማመልከቻ በኋላ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሰጥቷል፤ በአመልካቹ ተደጋጋሚ ጥያቄ መሠረት ገመዱ ከግድግዳቸው ይነሣ ይላል። በሌላ በኩል ይዙርልኝ ወይ ብትለው፣ ለአንድ የቤት ስልክ ተብሎ አዲስ ምሰሶ አይተከልም አላት። አቶ ኤርጫፎ አሸንፈዋል። ያሸነፉት ግን ዲሪባን ነበር።

"ይህን ያህል ዓመት የለመኑት እኮ እርስዎ ነዎት" አለ ሽበሺ፣ መቶኛ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

"ግቢዬ የገባችሁት በማን ፈቃድ ነው?" አሉ አቶ ኤርጫፎ።

ሽበሺ ደብዳቤውን ዘረጋላቸው። ደብዳቤ በር አንኳኩቶ አያውቅም አሉት። ከዚያ ዘርፈሽን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያመለከትኩት ስለ ሚስማሩ ነው። በገመዱ የሚመጣ ልጅ አለ። ከመስቀል ወዲህ ስምንት ወሩ ነው። ዛሬ ቢደውልስ?"

ዘርፈሽ ወሩን የምትቆጥረው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ከፍታ የምትተወው መስኮት ወደ ማን ግቢ እንደሚያይ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው።

ሽበሺ ተነፈሰና ደብዳቤው ጀርባ ላይ ባለይዞታው ስላልፈቀዱ ገመዱ እንዳልተነሣ ጻፈ። አቶ ኤርጫፎ ሁለት የፊደል ግድፈት አርመው ፈረሙለት። ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ተሸክመው፣ ለሙዙ አመስግነው ሄዱ።

ዘርፈሽ ልታመሰግናቸው ስትል ሌላ ነገር ትዝ አላት። ቀበሌው ፈቃድ አልጠየቃቸውም፤ መሥሪያ ቤቱ አልጠየቃቸውም፤ ሰፈሩ በዚህ ሲስቅ ኖሯል። ገመዱ ግን የማን ነበር? ዘጠኝ ዓመት በአጥር ላይ እንዴት አደሩ ስትል፣ አንድ ቀን እንኳ "ይፍቀዱልኝ" ብላቸው አታውቅም። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ከግቢው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። ውጭ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ቤቶች!" አለች።

ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማት።

"ደጆች! ማን ልበል?"

"ዘርፈሽ ነኝ፣ ጋሽ ኤርጫፎ። ገመዴ በግድግዳዎ ላይ እንዲያርፍ ፈቃድ ልጠይቅ መጥቼ ነው።"

"ግቢ" አሏት።

ማህደሩን ከፍተው ሃያውን ማመልከቻ አንድ በአንድ ገለበጡ። ከሁሉም ሥር ዳርና ዳሩ ቢጫ የሆነ አንድ ወረቀት ነበር። አውጥተው ሰጧት። "እኔ ፈቃድ ሰጪ፣ የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘርፈሽ የስልክ ገመድ፣ የልጇ የዲሪባ ድምፅ ይደርሳት ዘንድ፣ በቤቴ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ ፈቅጃለሁ" ይላል። ወይዘሮ ሻሺቱ በምስክርነት ፈርመውበታል። ቀኑ ግንቦት 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ ሚስማሩ ከተመታ ስድስተኛው ቀን።

"ዘጠኝ ዓመት እዚህ ነበረ?" አለች ዘርፈሽ።

"ላልጠየቀ ሰው ፈቃድ እንዴት ይሰጠዋል?" አሉ አቶ ኤርጫፎ፣ በእውነት ግራ ገብቷቸው። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። "ተቀባይ የሚለው ላይ ፈርሚ።"

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር ከመስመሩ ወጥታ ፈረመች። አቶ ኤርጫፎ ፊርማውን ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ፣ ምንም ሳያርሙ፣ ማህደሩን ዘጉት።