የባምባሲ ኮከብ ብርቱ ጠላት

የእግር ኳስ ደጋፊ ሁሉ የራሱን ቡድን ይከታተላል የሚል ሰው ካለ አሶሳን አያውቅም ማለት ነው። የራሱን ቡድን የሚከታተለውማ ገራገሩ ደጋፊ ነው፤ ሜዳ ይመጣል፣ ኦቾሎኒውን ይፈለፍላል፣ ዳኛውን ሰድቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መከራው ሌላኛው ነው። እሱ የገዛ ቡድኑን ተጫዋቾች መንገድ ላይ ቢያገኛቸው አይለያቸውም። የተፎካካሪው ቡድን በረኛ ግን በየትኛው ጉልበቱ ላይ ፋሻ እንዳሰረ፣ ማክሰኞ ለምን ከልምምድ እንደቀረ፣ ከየትኛው ተከላካይ ጋር እንደተኳረፈ ጠይቁት፤ እስኪመሽ ያወራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ከተማ አንድ ይበቃል። ለአሶሳ የደረሷት ክቡር አቶ አብዱልሐሚድ ናቸው።

አቶ አብዱልሐሚድ ገበያው አፍ ላይ የስፌት መኪናቸውን የዘረጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። የቀርቀሃ ስፖርት ክለብ ደጋፊ መሆናቸውን የሚመሰክር መታወቂያ አላቸው፤ ቁጥሩ ሦስት ነው። የክለቡ አሰልጣኝ ገቢሳ በልጅነቱ አንድ ዴስክ ላይ አብሯቸው ስለተቀመጠ ከተማው ሁሉ አንቱ ሲላቸው እሱ አንተ ይላቸዋል። ንዴቱም የጓደኛ ንዴት ነው፤ ቶሎ አይበርድም።

ዘንድሮ ደግሞ ገቢሳ የሚናደድበት ጊዜ አልነበረውም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የክለቡ ኃላፊዎች ጠርተው ቁርጡን ነግረውታል፦ ቀርቀሃ ከምድቡ አንደኛ ሆኖ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ካላለፈ ይፈርሳል። ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው። ገቢሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዱን ከትምህርት ቤት፣ አንዳንዱን ከእርሻ ለምኖ አምጥቶ ተጫዋች ያደረጋቸው ልጆች። ምድቡ ውስጥ ከፓዌ፣ ከግልገል በለስ፣ ከገነተ ማርያምና ከሌሎችም ከተሞች የመጡ ቡድኖች አሉ፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የቅርቡ ጎረቤት፣ ባምባሲ ኮከብ ነበር።

ገቢሳ ከአቶ አብዱልሐሚድ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፃቸውን። የእሳቸው ድምፅ ከገበያው ተነስቶ መናኸሪያ ይሰማል። «እባክህ አብዱ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ጩህልን» ብሎ ሲለምናቸው መልሳቸው አይለወጥም።

«የኛ የትም አይሄድም ያ አኺ፣ ወንድሜ። ዋናው እነሱን መጠበቅ ነው።»

ይህንንም የሚሉት ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ሳይሆን የአገር ምስጢር እንደሚያካፍል ሹም ዝግ ብለው ነው።

ጥበቃው በስልክ ተጀመረ። ፓዌ ውስጥ ጎሹ የሚባሉ ገበሬ አሉ፤ ማሳቸው ከኳስ ሜዳው ጎን ነው። ስለ ኳስ የሚያውቁት ክብ መሆኑን ነው። አቶ አብዱልሐሚድ የአቶ ጎሹን ስልክ ከየት እንዳገኙ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ የፓዌው ቡድን በተጫወተ ቁጥር ይደውላሉ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ማሽላዬን እያጨድሁ ነው» አሉ አቶ ጎሹ በመጀመሪያው ቀን። «ኳሱን የት አይቼው ልንገርዎት?»

«አይዩት! ሰው ሲጮህ ብቻ ይቁጠሩ።»

አቶ ጎሹ ቅን ሰው ናቸው፤ ቆጠሩ። አራት ጊዜ ተጮኸ። አቶ አብዱልሐሚድ ወዲያው ወደ ገቢሳ ደውለው የፓዌው ቡድን አራት ለዜሮ ማሸነፉን አበሰሩት፤ ገቢሳም የግብ ክፍያውን እያሰላ ሲሰቃይ አደረ። በማግስቱ ሲጣራ ጎሉ አንድ ብቻ ነው። ሦስቱ ጩኸት ዝንጀሮ ማሳ ገብቶ ተመልካቹ ጨዋታውን ትቶ ሲያባርር ነው።

«ታዲያ ዝንጀሮ መሆኑን ለምን አልጠየቅህም?» አለ ገቢሳ።

«ዝንጀሮ በደረጃ ሰንጠረዡ ውስጥ የለማ!»

ይህ እንኳ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለነበረ ይቻል ነበር። የማይቻለው በጨዋታ መሀል ሲደውሉ ነው። ቀርቀሃ ማዕዘን ምት ሊመታ ሲል የገቢሳ ኪስ ይጮኻል። «ኮች! ባምባሲ አገባ!» ገቢሳ ፊቱን ለመደበቅ ይሞክራል፤ ልጆቹ ግን ፊቱን ማንበብ ለምደዋል፤ እግራቸው ይተሳሰራል። ስልኩን አጠፋ። አቶ አብዱልሐሚድ ወደ ተጠባባቂው በረኛ ደወሉ። የበረኛውም ስልክ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ ቢደውሉ ጥሩ ነው? ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ዘንድ። የቀርቀሃ አጥቂ ነብዩ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ማጉያው «ባምባሲ ኮከብ ሁለተኛውን ጎል አስቆጠረ!» ብሎ በሜዳው ላይ አስተጋባ። ነብዩ የመታት ኳስ አጥር ተሻግራ ሄደች። ኳሷን ያመጣ ሰው የለም፤ እስከ ዛሬም አልተገኘችም።

ገቢሳ ያን ቀን በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ሄዶ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። አቶ አብዱልሐሚድ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገቡ በጥሞና አደመጡት። ሲጨርስም «ልክ ነህ፤ ስልክ አያስተማምንም። ራሴ መሄድ አለብኝ» አሉ።

ሄዱ። ባምባሲ ኮከብ በሜዳው በተጫወተ ቁጥር፣ ስፌት ቤታቸውን ዘግተው ከጠዋቱ ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ ይገኛሉ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ተቀምጦ መራገም። ነገር ግን ሰው መሀል ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ ያስጠረጥራል፤ «ይሄ ሰውዬ ከአሶሳ ነው» ከተባለ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ከባምባሲዎች ጋር አብረው ጮኹ። ሲጮኹ ደግሞ በዚያ በማይቻለው ድምፃቸው ነው። «ጃባዻ!» ይላሉ፣ በርቱ ለማለት፤ በሆዳቸው ውደቁ፣ ተሰበሩ ይላሉ። ባምባሲዎች የሰሙት የአፋቸውን ነው።

በሦስተኛው ጨዋታ ከፊት ረድፍ ቦታ ተለቀቀላቸው። በአምስተኛው ከበሮ ተሰጣቸው። በስድስተኛው የባምባሲ ደጋፊ ማኅበር፣ እኒህ ሰው ልብስ ሰፊም ናቸው ለካ ብሎ፣ ትልቅ ባንዲራ እንዲሰፉለት ጠየቀ። አቶ አብዱልሐሚድ ይህን ለባለቤታቸው ሲነግሩ ዓይናቸው አበራ። ኮከቧን አጣመው ሰፍተው በአደባባይ ሊያሳፍሯቸው ቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምትመሰክረው ባለቤታቸው ኸድራ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ስፌት ቤቱን ለደንበኛ ዘግተው ሰፉ። ኮከቧን ሁለት ጊዜ ተረተሯት፤ አንደኛው ጫፏ የአንድ ክር ያህል ስላዘነበለ።

«ለጠላት ነው ብለህ አልነበር?» አለቻቸው።

«ወላሂ ኸድራ፣ እጄ እምቢ አለ።»

ባምባሲ ኮከብ ለመልሱ ጨዋታ ወደ አሶሳ የመጣ ዕለት ገቢሳ ያየውን ነገር መቼም አይረሳውም። አምስት ሚኒባስ ደጋፊ ወረደ። ባንዲራው ተዘረጋ፤ እንዲያ ያለ ባንዲራ በምድቡ ውስጥ ማንም የለው። ከሥሩ፣ ከበሮ አንግተው፣ አንገታቸው ላይ የባምባሲን ሻርፕ ጠምጥመው፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቀሃ ሜዳ የተገኙት ባለ መታወቂያ ቁጥር ሦስቱ ደጋፊ፣ አቶ አብዱልሐሚድ ናቸው። ገቢሳ መስመሩን ጥሶ እስከ አጥሩ ሮጠ።

«አብዱ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሽሽ!» አሉ ዝቅ ብለው። «እየሰለልኩ ነው።» ቀና ብለውም ከበሮውን ደበደቡት።

ዘጠና ደቂቃ ደበደቡት። የአሶሳ ሰው በገዛ ሜዳው ድምፁ አልተሰማም። በጭማሪው ደቂቃ የባምባሲው ሰባት ቁጥር ጃለታ ብቻውን አምልጦ አገባ፤ አንድ ለዜሮ። ልጆቹ መልበሻ ክፍል ገብተው አንገታቸውን ደፉ። «ኮች፣ የገደሉን እኮ የኛው ሰው ናቸው» አለ ነብዩ። ገቢሳም ከዚያ በኋላ በገበያ በኩል ማለፍ ትቶ በዙሪያው መንገድ ይሄድ ጀመር፤ ሰላምታም የለ።

በሁለተኛው ሳምንት አቶ አብዱልሐሚድ ቤቱ ድረስ መጡ። «የጃለታን ነገር ደረስኩበት» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ወደ ቀኝ መዞር አይችልም። በግራ እግሩ ብቻ ነው።»

«ከእነሱ ጋር እኮ ሁለቱንም ጨዋታ ጨርሰናል!»

«ቢሆንም እወቀው።»

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ባምባሲ ኮከብ በአንድ ነጥብ ይመራል፤ በግብ ክፍያም ይበልጣል። ቀርቀሃ አሶሳ ላይ የፓዌውን ቡድን፣ ባምባሲ በሜዳው የገነተ ማርያሙን ቡድን በተመሳሳይ ሰዓት ይገጥማሉ። ቀርቀሃ ካላሸነፈ አበቃ፤ ቢያሸንፍም ባምባሲ ካሸነፈ አበቃ። ገቢሳ በዚያ ቀን፣ አፉን ሞልቶ ባይናገረውም፣ ስልኩን አላጠፋም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለተጠባባቂው በረኛ አስያዘው፤ ባትሪውንም ከቤቱ ሞልቶ ነው የመጣው።

ነብዩ በሠላሳኛው ደቂቃ አገባ። ስልኩ አልጮኸም። እረፍት ሆነ፤ አልጮኸም። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ገቢሳ አንድ ዓይኑ ሜዳ፣ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆነ። አንድ ለዜሮ ይዞ ማፈግፈግ ይሻላል ወይስ ማጥቃት? ባምባሲ እየመራ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ እየተሸነፈ ከሆነ ደግሞ ይህቺን አንድ ጎል እንደ እንቁላል መያዝ ነው። የሚነግረው ሰው የለም። «ዓመቱን ሙሉ ሲያደነቁረኝ ከርሞ ዛሬ!» አለ ጮክ ብሎ። ራሱ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። እንደገና ደወለ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ አንሳው!»

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ አንድ ለዜሮ። ልጆቹ አልጨፈሩም። ሃያ ሁለቱም በየቆሙበት ሆነው የገቢሳን እጅ ያያሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ገቢሳ ሲያነሳው የሰው ግርግር ይሰማል፤ ከግርግሩ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ።

«አብዱ? ስንት ለስንት?»

ለቅሶው ባሰ።

«አብዱልሐሚድ! ስንት ለስንት ወጡ?»

«አንድ ለአንድ» አሉ። «ኻላስ፣ አለቀ።»

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሆነውን ገቢሳ ራሱ አያስታውሰውም። ልጆቹ ወደቁበት፤ ሰው አጥሩን ገፍቶ ገባ። ትከሻ ላይ ሆኖ ስልኩን እንደያዘ ነበርና «ለምን አልደወልክም?» ብሎ ጮኸባቸው። «እንዴት ልደውል ኮች?» አሉ አቶ አብዱልሐሚድ። «ሁለቱም እጄ ከበሮው ላይ ነበር።»

አመሻሽ ላይ ከተማው ሲጨፍር ገቢሳ መናኸሪያ ቆሞ ሚኒባሱን ጠበቀ። የሚናገረውን ወራት ሙሉ አዘጋጅቶታል፤ ከዝንጀሮው ይጀምርና በከበሮው ይጨርሳል። አቶ አብዱልሐሚድ ወረዱ። ዓይናቸው አብጧል። የባምባሲ ሻርፕ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። አጠገባቸው ያለፉ የአሶሳ ወጣቶች ሻርፑን አይተው ሊያጉረመርሙ ሲሉ ገቢሳ እጁን አነሳባቸው።

«እነሱ ሲቸገሩ ደስ የሚልህ መስሎኝ ነበር» አላቸው።

«እኔም መስሎኝ ነበር።» አፍንጫቸውን በሻርፑ ጠረጉ። «ልጆቹን ሜዳ ላይ ተኝተው ነው የተውኳቸው። ካላለፋችሁ ትፈርሳላችሁ ተብለው ነበር። ዛሬ ፈረሱ።»

ገቢሳ ያዘጋጀውን ንግግር ተወው። «እነሱም?»

«እነሱም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቃለሁ። አንተ ስንት ለስንት ብቻ ነው የምትጠይቀኝ።»

እውነት ነው፤ ሌላ ነገር ጠይቆ አያውቅም። ባምባሲ ኮከብ ለእሱ ሰንጠረዥ ላይ ያለ ቁጥር ነበር። እንደ ቀርቀሃ ሃያ ሁለት ልጅ፣ እንደሱ አንድ እንቅልፍ ያጣ አሰልጣኝ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ያወቀው ይህ የሚያናድድ ሰውዬ ብቻ ነው። ገቢሳ ወደደም ጠላም ጓደኛውን አቅፎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

መናኸሪያው አጥር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያለፈ ክለብ ለአገር አቀፉ ውድድር ከምድቡ ሁለት ማጠናከሪያ ተጫዋች መውሰድ ይፈቀድለታል። ገቢሳ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«በል፣ ከባምባሲ ማንን ልውሰድ?»

«ጃለታን» አሉ አቶ አብዱልሐሚድ ሳያስቡ። «በግራ ብቻ ነው፤ ግን አይደክምም። በረኛውንም። ጉልበቱ ተሽሎታል፤ እናቱን የሚያስታምመው እሱ ነው።»

«ጥሩ። ሁለት ሞላ።»

«ስድስት ቁጥሩን ግን ስማኝ።»

«አብዱ፣ ሁለት ነው የሚፈቀደው።»

«ስድስት ቁጥሩ እኮ ከጨዋታ በፊት የሁሉንም ጫማ የሚጠግን ልጅ ነው። ሦስት ቁጥሩም አለ፤ ዓይን አፋር ነው እንጂ በጭንቅላቱ...»

ገቢሳ ተነፈሰ። እኒህን ሰው ማስቆም እንደማይቻል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል። እስክሪብቶውን እንደገና አነሳና፣ እሳቸው እየነገሩት፣ እሱ «ሁለት ነው የሚፈቀደው» እያለ፣ የባምባሲን የሃያ ሁለቱንም ልጆች ስም አንድ በአንድ ጻፈ።