የአቶ አዘዘ ወይን ይነቀል ወይስ አይነቀል

ቀን፦ አርብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጾመ ፍልሰታ
ቦታ፦ ዲመን (ከአምስተርዳም አጠገብ)፣ የማኅበሩ የአትክልት ማሳ
የተገኙ፦ አቶ ሊባኖስ (ሰብሳቢ)፣ አቶ አዘዘ (የወይኑ ባለቤት)፣ ወ/ሮ የትነበርሽ (አባል)፣ አቶ ዘአማኑኤል (ጸሐፊ)። የጎረቤት ማሳ ባለቤት ወ/ሮ ኤልፍነሽ ያለ ድምፅ በእንግድነት ተገኝተዋል።
ምልዓተ ጉባኤ፦ አባላቱ አራት ብቻ ስለሆኑ ሞልቷል። ሰብሳቢው ግን ቆጥረው እስኪያምኑ ስብሰባው ዘግይቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ገሉ
ሰብሳቢው፣ አቶ አዘዘ ወይናቸውን ሲኮተኩቱ ከሥሩ ያገኙት ገል የሮማውያን የወይን ጋን ስብራት እንደሆነ አስረዱ። ወይኑ ተነቅሎ ቀሪው ጋን ቢወጣ ከአምስተርዳም ጎብኚ በትራም እንደሚጎርፍ ገለጹ። ጸሐፊው፣ ባለሙያ ላላየው ገል ዕድሜ መስጠት እንደማይቻል ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ ፕሮፌሰር» ተብለዋል። ወ/ሮ የትነበርሽ «ሮማውያኑ የመጡት በሜትሮ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ተብሏል።
አቶ አዘዘ ስድስት ዓመት ውኃ ያጠጡት ወይን ገና ዘንድሮ ማፍራቱን ገልጸው «መጀመሪያ እኔን ንቀሉኝ» አሉ። ወ/ሮ የትነበርሽ በበኩላቸው «ጥላው ጎመኔን ገደለው» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወይኑ እንዲነቀል በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ጸሐፊው፣ ጥያቄው በትክክል ስላልቀረበ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ፍሬው ጣዕም
አቶ አዘዘ፣ ፍሬው ጣፋጭ ከሆነ ወይኑ እንዲተርፍ ይግባኝ አሉ። ሰብሳቢው «ሆምጣጤ ነው» አሉ። የበሰለው ሁሉ ተለቅሞ በሳህን ቀረበ፤ ሆኖም ጾሙ እስከ 9 ሰዓት ስለማይፈታ የሚቀምስ አባል ጠፋ። ወ/ሮ ኤልፍነሽ ጴንጤ ስለሆኑና ስለማይጾሙ በሙሉ ድምፅ ቀማሽ ሆነው ተመረጡ።
ቀማሿ አንድ ፍሬ ቀምሰው «አልለየልኝም» አሉ። አንድ ዘለላ ጨምረው «አሁን ትንሽ ፍንጭ አገኘሁ» አሉ። ሰብሳቢው «እህቴ፣ ፍርዱን እንጂ ፍሬውን አይጨርሱ» ቢሏቸው፣ «ወንድሜ፣ በሰው ንብረት ላይ በችኮላ አይፈረድም» ሲሉ መለሱ። ከረጅም ማኘክ በኋላ ፍርዳቸው «ጣፋጭ» ተብሎ ተመዘገበ።
ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። ያገኙት የዘለላውን እንጨት ብቻ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ
ሰብሳቢው፣ ያልቀመሱትን ወይን እንደማያስነቅሉ፣ ለመቅመስም መጪውን ነሐሴ መጠበቅ ግድ እንደሆነ አስታወቁ። ወ/ሮ የትነበርሽም «ጎመኔ አንድ ዓመት ይታገሣል፤ እኔም አልቀመስኩም» በማለት ደገፉ። ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ ገሉ ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ተወሰነ። የጸሐፊው ተቃውሞ በጸሐፊው ተመዝግቧል።

ስብሰባው 10 ሰዓት ላይ፣ አቶ አዘዘ አፈሩን በጫማቸው ጠቅጥቀው እንደጨረሱ ተበትኗል።