የሀሽሽ ዋጋ ስጠይቅ የዋልኩ ዕለት

እሺ፣ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ ታስሬ አውቃለሁ። በሀሽሽ!

አዎ፣ እኔው ነኝ። ሶላቷን የማታጓድለው፣ የሰፈሩ ሠርግ ወጥ ሳትቀምሰው የማይወጣው፣ የሰባት ልጆች እናት ዘይነባ።

ልጆቼ እንኳ አያውቁም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን በገዛ ጣቴ ራሴን አጋለጥኩ።

ፖሊስ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕፅ ያዝኩ ብሎ የለጠፈውን ፌስቡክ ላይ አየሁ። ፖሊሶቹ ከጆንያዎቹ ኋላ እንደ ሚዜ ተደርድረዋል። እኔም ዝም ማለት አይሆንልኝምና ኮሜንት ጻፍኩ፦ «ሲመዘን ከነሥሩ ነው ወይስ ተለቅሞ? እርጥቡን ነው ደረቁን?»

ሳቃችሁብኝ። አንዱማ «እማማ፣ ንግዱን በደንብ ያውቁታል ማለት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ላይክ ጎረፈለት። ላይክ ካደረጉት አንዱ የገዛ ልጄ ነው!

ስለዚህ እንዴት እንዳወቅሁት ከእኔው ስሙት።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ቡታጅራ ያኔ ባጃጅ የላት፣ አስፋልት የላት፣ ጋሪና አቧራ ብቻ። እኔ ሁለት ልጅ የወለድኩ፣ የመስቃንን በርበሬ ከገበሬ ገዝቼ ለአዲስ አበባ ነጋዴ የማስረክብ ሴት ነበርኩ። ሚዛኔ በከተማው የታወቀ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ እንኳ ቅቤያቸውን በእኔ ሚዛን ነበር የሚካፈሉት።

የበርበሬ ነጋዴ ማንንም አያምንም። ከጆንያው ታች ድንጋይ አለ? ውሃ ተረጭቶበታል? ግንዱ ተለቅሟል? ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ናሙና እንወስዳለን። እፍኝ ዛላ በሻሻችን ጫፍ ቋጥረን ቤት እንገባለን፣ እናደርቀዋለን፣ እናሸተዋለን፣ ከዚያ ነው ዋጋ የምንቆርጠው። ናሙና ሳይዙ ዋጋ መናገር ለእኛ ነውር ነው።

ጉዴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አንድ መንገደኛ «ከብት ሆዱ ሲነፋ ፍቱን ነው» ብሎ የሰጣቸውን ዘር ከእንሰታቸው ጀርባ ዘሩት። በቅሎ ከሰው ቁመት በለጠ። ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁ፣ እኛም አናውቅ። ላማቸው ግን ደስተኛ ነበረች።

ፖሊስ አወቀ።

የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ተክሉን ዝናብ እንዳረጠበው፣ ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከነአፈሩ ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቀውና ጋሽ ሸምሱን ከፊት አስቀድሞ ከተማ ገባ። ሳይመሽ አንድ ወሬ ብቻ ይወራ ጀመር፦ የሦስት ሺህ ብር ሀሽሽ ተያዘ!

ሦስት ሺህ ብር! ያኔ በዚያ ገንዘብ ቤት ትሠራላችሁ፣ ልጅ ትድራላችሁ፣ ለለቅሶም ይተርፋችኋል። ጋሽ ሸምሱ በዕድሜያቸው ሦስት መቶ ብር እንኳ በአንድ ላይ አይተው አያውቁም።

የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ግምቱ ይህን ያህል ከሆነ ጉዳዩ ከእኛ ዳኛ ሥልጣን በላይ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ይተላለፋል ተባለ። ጋሽ ሸምሱም ታስረው አብረው ይሄዳሉ። እዚያ ዘመድ የላቸው፣ ጠያቂ የላቸው፤ አማርኛቸውም ሰላምታ ላይ ያልቃል። ሚስታቸው መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። «ከሄዱማ የምቀበለው ሬሳቸውን ነው» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዝ ከገበያ ሦስት ገማች ይጠራ ነበር። ገምተው ይፈርማሉ። እኛም ተጠራን፦ አንድ የእህል ነጋዴ፣ አንድ የቆዳ ነጋዴ፣ ሚዛን ስላለኝ ደግሞ እኔ።

ሃምሳ አለቃው ጆንያውን እንዳለ ሚዛኔ ላይ ጫነው። ውሃው እየተንጠባጠበ! ከዚያ አስቀድሞ የጻፈውን ወረቀት ዘረጋልን። ሁለቱ ወንዶች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት። እኔ ግን ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁና አነበብኩት።

ማንበብ ነው የጎዳኝ።

«ይህን ዋጋ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ነገረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በክብሪት ቀፎ እየተሰፈረ ይቸረቸራል አለ። ጆንያው ስንት ክብሪት ቀፎ እንደሚሞላ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አስልቶታል። ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ማዕረግ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉት ልጅ ነው።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ሥሩም በክብሪት ቀፎ? አፈሩም በክብሪት ቀፎ? እኔ አንድ ፈረሱላ በርበሬ ስገዛ፣ ጉሊት ላይ በማንኪያ በሚሸጥበት ሒሳብ አባዝቼ ልክፈል? እንዲያ ቢሆንማ የመስቃን ገበሬ ሁሉ ደጃዝማች በሆነ!

ወረቀቱን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ «በሕግ አምላክ» አልኩት። ያኔ ይህን ቃል ሰምቶ የሚነቃነቅ ሰው አልነበረም፣ ፖሊስም ቢሆን። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ዳኛው ዘንድ ቀረብን። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንቺስ ስንት ትያለሽ አሉኝ። ያልጠየቅሁትን ዋጋ አልናገርም አልኩ። እንግዲያው ጠይቂና ከነገ ወዲያ ነይ አሉኝ።

ጠይቂ አሉኝ። እኔም ጠየቅሁ!

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እንደ ማንኛውም ዕቃ፣ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ፣ ድምፄን ሳልደብቅ «ሀሽሽ ዘንድሮ እንዴት ዋለ?» እያልኩ ዞርኩ።

አትሳቁ። ዋጋ በሌላ በምን ይታወቃል?

ሥጋ ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ አየኝ። የጠጅ ቤቷ እመቤት ጎትታ ጓዳ አስገባችኝና «ምን ደረሰብሽ እህቴ፣ ባልሽ ነው?» አለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዋጋውን ትቶ የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ ተመለከተ፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስድሽ እንደሆነ ንገሪኝ አለ። ቀትር ላይ ወሬው መስጊድ ደረሰ። ባሌ ኸይሩ ከዙሁር ሶላት ሲወጣ ሦስት ሰዎች ትከሻውን ነካ ነካ እያደረጉ «አላህ ያግዝህ» አሉት። ከቤት ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ ነው የመጣው።

አማቴማ ልጆቼን ሰብስባ ወሰደቻቸው!

በመጨረሻ አንድ የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሹፌር በጣቱ ጠራኝ። ግራ ቀኙን አየና ሁሉንም አስረዳኝ። እርጥቡን ማንም አይገዛም። ሥርና ግንዱ ይጣላል። ዋጋ ያለው ደረቁ ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱም በጅምላ ሲሸጥ በክብሪት ቀፎ የሚቸረቸርበትን ሩብ አያወጣም።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እኔ ያልኩትን እኮ ነው ያለው!

ከዚያስ ምን አደረግሁ?

ናሙና ስጠኝ አልኩት።

ሰጠኝ። በጋዜጣ ቅዳጅ ትንሽ ቁንጣሪ። በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩት፤ እሱ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሆሳዕና ሄደ፣ እኔም በኩራት ወደ ቤቴ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቷል። የሚበዛው ሰው ጋሽ ሸምሱን ሳይሆን እኔን ሊያይ የመጣ ነው። እሳቸው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ሚስታቸው ለአዲስ አበባ መንገድ ስንቅ ቋጥራ አጠገባቸው ቆማለች። ያቺን የስንቅ ቋጠሮ ሳይ ድምፄ ራሱ ጠነከረ።

ሥሩ ይቆረጥ፣ አፈሩ ይራገፍ፣ ግንዱ ይለቀም፣ የጆንያው ክብደት ይቀነስ አልኩ። ዳኛው ፈቀዱ። እኔና የእህል ነጋዴው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን እንደ በርበሬ ለቀምነው።

ያ ሁሉ ጆንያ አንድ ወንፊት አልሞላም!

ሃምሳ አለቃው ሌላ የቀረ እንዳለ ብሎ ጆንያውን ገለበጠው። ከአፈሩ ጋር ግራ የገባት እንቁራሪት ወጣች። ከሹፌሩ በሰማሁት ሒሳብ ስንተምነው ሦስት ሺህ የተባለው ሰማንያ ብር ሆነ። የጋሽ ሸምሱ ሚስት ቋጠሮዋን መሬት አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነበረበት!

ዳኛው ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ይህ ቅጠል ደረጃው እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ።

«ደካማ ነው ጌታዬ» አልኩ። «ጥሩው ይህን ይመስላል።» እናም የሻሼን ጫፍ ፈታሁ።

ከኋላ ኸይሩ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲል ብቻ ተሰማኝ።

የሃምሳ አለቃው ፊት በራ። ጆንያውን በያዘ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልበራም።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከየት አመጣሽው አሉ። ናሙና ነው አልኩ። ከማን አሉ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እኔ ዋጋ እንጂ ስም ጠይቄ አላውቅም አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«መቼም ገማቿ አንቺ ነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «በእጅሽ ያለውና ወንፊቱ ላይ ያለው፣ ኪሎ ለኪሎ በዋጋ የትኛው ይበልጣል?»

ወገኖቼ፣ መውጫውን አያችሁት? የኔው ያለፈበት ነው፣ አቧራ ነው፣ ለምንም አይሆንም ብል ቤቴ እገባለሁ። የእህል ነጋዴው በክርኑ እየጎሸመ «የወንፊቱ በይ፣ አንቺ ሴትዮ፣ የወንፊቱ በይ» ይለኛል።

ግን የወንፊቱ ይበልጣል ማለት የጋሽ ሸምሱን ዋጋ መልሶ ማውጣት ነው። ሰማንያው ብር ያድግና እሳቸው አዲስ አበባ ሊገቡ ነው። ደግሞም ውሸት ነው! ቅጠሉ እኮ መዳፌ ላይ ነው፤ ለስላሳ፣ አንድ ግንድ የለበት፣ አንድ ጠጠር የለበት።

«የኔው ይበልጣል ጌታዬ» አልኩ። «አንደኛ ደረጃ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ሳያውቁ ስለዘሩ፣ ግምቱም ትንሽ ስለሆነ፣ እስካሁን የታሰሩት ይብቃቸው ተብሎ ተገሥጸው ተለቀቁ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ተፈረደብኝ።

በአንድ ጆንያ የተያዙት ወጡ፤ በአንድ ቁንጣሪ የተያዝኩት ገባሁ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስቱ ቀን ክፉ አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ በየቀኑ ቆጮና አይብ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አማርኛቸው ሰላምታ ላይ ያልቃል ብያችሁ የለ? በጉራጊኛ ግን መረቁኝ፣ መረቁኝ፣ አልጨርስ አሉ። ኸይሩ የመጀመሪያውን ቀን አኮረፈኝ። በሁለተኛው መጥቶ በበሩ ቀዳዳ «ልጆቹ እናታችን የት ሄደች ሲሉኝ ምን ልበል?» አለ።

«ሚዛን ልታስተካክል ሄደች በላቸው» አልኩት።

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ታረቅን።

ሃምሳ አለቃውም ሻይ አመጣልኝ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋና መዝገቡን ገለጠ፤ የእኔን ቁንጣሪ ዋጋ ሊሞላ ነው። ብዕሩን ጠባ፣ ጣራውን አየ።

«እትዬ ዘይነባ፣ መቶ ሃምሳ ብር ብዬ ብጽፈው ይበዛል?»

«አንተ ልጅ፣ ስንት ክብሪት ቀፎ ይሞላል?»

«ግማሽም አይሞላ።»

«እንግዲያው ያየኸውን ጻፍ።»

ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስንዴም ይያዝ ጨው፣ ሚዛንሽን ይዘሽ ነይ እያለ ይልክብኝ ነበር። ናሙና እንዳትወስጂ ብሎ ያስጠነቅቀኝም ነበር!

ታዲያ ፖሊስ ያጋንናል ወይ ላላችሁኝ፦ ያጋንናል። ሁልጊዜ ለመዋሸት አይደለም። ትልቅ ጆንያ ተሸክሞ የመጣ ሰው ትንሽ ቁጥር መናገር ይከብደዋል። እኔንም በርበሬዬን ስሸጥ ያው ይቃጣኛል። ለዚህ ነው ሥሩን የሚለቅም ሌላ ሰው አጠገብ መኖር ያለበት።

ለጋሽ ሸምሱ ስል አልጸጸትም፤ ኋላ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አብረን በላን። ራሴን ግን እስከ ዛሬ እታዘባለሁ። ዳኛው የጠየቁኝ የትኛው ይበልጣል ብለው ብቻ ነበር። «የኔው» ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? «አንደኛ ደረጃ» ማለቱ ለማን ነበር? ልሸጥላቸው ነው?

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ስንተኛ ደረጃ ትሉት ነበር?